ዋጋ ያልተቆረጠለት ዓሣ

ማክሰኞ በእኛ ዳርቻ ባሕሩ የሚያርፍበት ቀን ነው። ጀልባዎቹ አሸዋው ላይ ተጎትተው ይውላሉ፤ ወንዶቹ መረብ ይጠግናሉ። እኔም ከመምህርነት በጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጋዜጣዬን ይዤ ከዓሣ ማጨሻ ምድጃዎቹ አጠገብ አንድ የኮኮናት ዛፍ ሥር እቀመጣለሁ። ሰው ካልመጣብኝ አነባለሁ። የዚያን ቀን ግን ሁለት ሰው መጣብኝ፤ አንዷ ከሌላዋ ተደብቃ፣ ሌላዋ ደግሞ እሷን ፍለጋ።

ቀድማ የደረሰችው ኤፉዋ ኤሹን ናት። ልጅ እያለች አስተምሬያታለሁ። ከኬፕ ኮስት ከተማ ትምህርቷን ጨርሳ ከተመለሰች ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነው የምታወራው። አንዳንድ ጀልባዎች መብራት አብርተው ዓሣውን ይሰበስቡና ውኃው ላይ ዱቄት ይበትናሉ። ዱቄቱ የልብስ ሳሙና ነው ይላሉ፤ ከሳሙናው ጋር ምን እንደሚቀላቀል የሚናገር የለም። ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል፣ እነሱም ያፍሳሉ። ኤፉዋ ይህ ይቁም ብላ ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት፣ ጀልባዎቹ ገና ሲደርሱ፣ ትልቅ ጽሑፍ ያለበት ጨርቅ ዘርግታ፣ ድምፅ ማጉያ ይዛ ጮኸች። ሳቁባት። አብረዋት የመጡት ሦስት ጓደኞቿም አንድ በአንድ ውልቅ ውልቅ አሉ።

አሁን ያንን ጨርቅ ጠቅልላ በብብቷ ይዛዋለች።

«መምህር፣ ከእነዚህ ማጨሻዎች ውስጥ እሳት ያለው የትኛው ነው?»

«ምን ልታደርጊበት?»

«ይሄን ላቃጥልበት። በቃኝ። ኬፕ ኮስት የቢሮ ሥራ አለ ብለውኛል፣ ነገ እሄዳለሁ።»

ልመክራት ይገባ ነበር። እኔ ግን ጋዜጣዬን ገለጥኩ። ዱቄቱን ከእሷ በፊት አውቀው ነበር፣ አንድም ቀን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም፤ ምን አፍ አለኝና ልመክራት?

በዚህ መሃል ናና አራባ በትሯን እየተመረኮዘች ደረሰች። ናና አራባ የዓሣ ሻጮቹ ሴቶች አለቃ ናት፤ «ናና» የምንላት ለክብሯ ነው። ጠዋት ጠዋት ከየጀልባው የሚወርደውን የመጀመሪያ ሳፋ በአውራ ጣቷ ጫን ታደርግና ዋጋ ትቆርጣለች። እሷ ሳትቆርጥ የሚገዛም የሚሸጥም የለም፤ የሚያወራ እንኳ የለም።

«ቅዳሜ የጮኽሽው አንቺ ነሽ?» አለቻት።

«እኔ ነኝ ናና።»

«ድምፅሽ ደህና ነው። ከመዘምራኑ ጋር ለምን አትገቢም?»

«ናና፣ አጥፍቼ ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አጥፍተሻል እንጂ። ጣቴ ዓሣው ላይ ሳያርፍ በዚህ ዳርቻ ማን አፉን ይከፍታል? ሚኒስትር ቢመጣ ቆሞ ይጠብቃል። አንቺ ግን ያንን ጥሩንባሽን ጆሮዬ ሥር አንባረቅሽው።»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። የሳቁባት በዱቄቱ ምክንያት ብቻ አልነበረም። የእኛ ልጅ ሆና የእኛን ደንብ ስትረግጥ አይተው ነው። ባሕሩን አጥንታ መጥታለች፣ እዚሁ እናቷ ጀርባ ላይ ታዝላ ያየችውን ጠዋት ግን ረስታዋለች።

ኤፉዋ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ወደ አንደኛው ማጨሻ ሄዳ ጨርቁን ልትከት ዓሣ የሚደረደርበትን የላይኛውን ወንፊት አነሳች፤ እንዳነሳችም ደርቃ ቀረች።

«የእኔን ማጨሻ ማን ክፈቺ አለሽ?» አለች ናና።

«ናና፣ ይሄን ይዩት።»

እኔም ተነስቼ አየሁ። የላይኛው ወንፊት ላይ ያለው ሰርዲን ወርቅ መስሎ፣ ሙሉ ሆኖ ተደርድሯል። ከሥሩ ያለው ግን ተፈረካክሶ ግማሹ አመዱ ውስጥ ወድቋል። ወንፊቱ ላይ የቀረው እሾህና ቆዳ ነው።

«የላዩ የማን ነው?» አለች ኤፉዋ።

«የሽማግሌው አጥማጅ የኦቱ» አለች ናና።

«የታቹስ?»

ናና ወደ ባሕሩ ዞረች። 

«የኤቦ ነው» አለች።

ኤቦ የመጨረሻ ልጇ ነው።

«ያውቁ ነበር?» አለች ኤፉዋ ቀስ ብላ።

«አርባ ዓመት ዓሣ የዳበሰ ጣት እንዴት አያውቅም? ዱቄት የነካው ሥጋ እንደ ሊጥ ይሰምጣል። አውቃለሁ። ዋጋውን ዝቅ አድርጌ አሳልፈዋለሁ፤ ከመሃል አገር የሚመጡት የኩማሲ ነጋዴዎች እያጉረመረሙም ቢሆን ይወስዱታል።»

«የኩማሲ ሰው ሰው አይደለም?»

«በነገር አትውጊኝ። ልጄ ባዶ ጀልባ ይዞ ሲመጣ ልጆቹን አንቺ ነሽ የምታበያቸው? ባሕሩ እንደ ድሮው መሰለሽ?»

«እንደ ድሮው እንዳይሆን ያደረገው እኮ ይሄው ዱቄት ነው። ትልቁንም ጫጩቱንም አብሮ ይጨርሳል። ዘንድሮ ኤቦ ሳፋ ሙሉ ያመጣል፤ የዛሬ አምስት ዓመት ልጆቹ ምን ሊያመጡ ነው?»

«እሺ፣ አንቺ ብቻሽን ምን ልታደርጊ ነው? ጓደኞችሽ እንኳ ጥለውሽ ሄደዋል።»

ኤፉዋ አሸዋው ላይ የተጎተቱትን ጀልባዎች አየች። «ናና፣ የማክሰኞን ዕረፍት ማን ጀመረው?»

«አባቶቻችን ናቸዋ።»

«ሁሉም በአንድ ጠዋት ተነስተው? መቼም አንዱ ሳይቀድም አይቀርም። ሌሎቹ ወደ ባሕር ሲገፉ እሱ ጀልባውን ጎትቶ ቁጭ ብሏል። ጎረቤቶቹ ምን ያሉት ይመስልዎታል?»

ናና ወደ እኔ ዞረች። «መምህር፣ ይሄን ያስተማርካት አንተ ነህ?»

«እኔ ማባዛት ነው ያስተማርኳት።»

ናና ሳቋ አመለጣት። «ሰነፍ ብለውት ይሆናል» አለች። «ሚስቱም ሳትሰድበው አልቀረችም።» ከዚያ ተገልብጦ የተቀመጠ ሳፋ ላይ አረፍ አለች። «እሺ፣ ከእኔ የምትፈልጊው ምንድን ነው?»

ኤፉዋ ጀመረች፤ ስለ ሕጉ፣ ስለ ጥበቃ ጀልባ፣ ስለ ዓለም ባሕሮች። እኔ አስተማሪው እንኳ ሰለቸኝ።

«ኧረ ቆይ» አለቻት ናና። «የዓለሙን ለዓለሙ ተይለት። አንድ ነገር ጠይቂኝ። አንድ።»

ኤፉዋ ያንን ሁሉ ስትጮህ ለአንድ ሰው አንድ ጥያቄ አላዘጋጀችም ነበር። አስባ አስባ፣

«ነገ ጠዋት ጣትዎ የሚያውቀውን ይናገሩ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለቻት።

ናና ከሳፋው ተነሳች። በትሯን አነሳች። ጥቂት ከሄደች በኋላ ዞር ብላ፣ «ጨርቅሽን እዚያ እንዳታቃጥዪ፤ ዓሣዬ ቀለም ቀለም ይሸትብኛል» አለች።

ረቡዕ ጠዋት እኔም ወረድኩ፤ ኤፉዋም ከሴቶቹ ኋላ ቆማለች፣ ድምፅ ማጉያ አልያዘችም። የኦቱ ጀልባ ቀድሞ ደረሰ፤ ናና ዓሣውን ጫን አድርጋ ዋጋ ቆረጠች፣ ሳፋው ተሸጠ። ቀጥሎ የኤቦ ጀልባ መጣ፣ እስከ አፉ ሞልቶ። የጀልባው ጎረምሶች ሳፋውን እናቱ እግር ሥር አስቀመጡት። ጫን አደረገችው። ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች። እንደገና ጫን አደረገችው።

ሴቶቹ ዋጋዋን ይጠብቃሉ።

«እማ፣ ዋጋ ንገሪን» አለ ኤቦ።

«ለዚህ ዋጋ የለኝም።»

«እማ፣ ሰው እየሰማሽ ነው።»

«እንዲሰማኝ ነው። ይሄን እኔ አልበላም፣ አላጨስም፣ ለኩማሲም አልልክም። ቀጣዩን አምጡ።»

ከኋላዋ ያሉት ሴቶች ባዶ ሳፋቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ወደ ቀጣዩ ጀልባ አለፉ። የኤቦ ዓሣ ፀሐይ እስኪያገኘው እዚያው ቆየ፤ በኋላ አሸዋ ውስጥ ቀበሩት። ደስ አለኝ ብል ዋሸሁ። የልጁን ፊት አይቻለሁ። ለሁለት ሳምንት እናቱ ቤት ድርሽ አላለም።

ኤፉዋ ኬፕ ኮስት አልሄደችም። በሚቀጥለው ማክሰኞ፣ ሰው ሁሉ ሥራ ፈትቶ በሚውልበት ቀን፣ እዚያው ማጨሻው አጠገብ ሁለቱን ወንፊቶች ጎን ለጎን አስቀምጣ አራት ሴቶችን አነጋገረች። አልጮኸችም። እያንዳንዳቸውን አንድ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። በሁለተኛው ማክሰኞ አስራ አንድ ሆኑ፣ እኔም ጋዜጣዬን አጥፌ ገባሁ። ስለ ዱቄቱ እያወቅኩ ዝም ማለቴን፣ ለዓመታት ያፈርኩበትን ነገር፣ እዚያ ተናገርኩ፤ የከፋ ነገር አልደረሰብኝም። ባሕሩ ዳነ አልልም። ሁለት ጀልባዎች ዱቄቱን መተዋቸውን በሰው ፊት ተናግረዋል፤ ስለ ሌሎቹ አልምልም። ግን ወንፊት ላይ የሚፈርሰው ዓሣ ቀንሷል፣ ሴቶቹም የሚጨስላቸውን እንጂ አመድ የሚሆነውን አይገዙም። የኩማሲ ነጋዴዎችም ቅሬታቸውን አቁመዋል። ከእኛ ቀጥሎ ያለው መንደር የዓሣ ሻጮች አለቃም የናናን የጣት ፍተሻ ልትማር መልእክተኛ ልካለች። ይህ ሁሉ የተጀመረው እውነቱን ብትናገር ብዙ የሚጎድልባትን አንዲት ሴት ከልብ በመጠየቅ ነው፤ ልጆቻችንም ነገር ሲጀምሩ ከዚህ ቢጀምሩ መልካም ይመስለኛል።

ይህ ሁሉ ገና ሳይሆን፣ በሦስተኛው ማክሰኞ፣ ኤቦ መረቡን ተሸክሞ መጣ። ጀርባውን ሰጥቶን ራቅ ብሎ ተቀመጠና መጠገን ጀመረ። ኤፉዋ ስታየው ንግግሯ ተቋረጠ። ሴቶቹም ናናን አዩ።

«ኤቦ፣» አለች ናና፣ «ጠጋ በል። ንግግሯን ነፋስ ይወስድብሃል።»

ኤቦ አንድ ቋጠሮ ቋጠረ፣ ሌላ ቋጠረ። ከዚያ ተነስቶ መረቡን እየጎተተ መጣና እናቱ አጠገብ ቁጭ አለ።

«ቀጥዪ» አላት ኤፉዋን።