መርፌውም ወሬውም

ወዳጆቼ፣ ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው ጋሽ ሽባባው ቡታጅራ የገቡት በሐምሌ ጭቃ ነው። ከአውቶቡስ ሲወርዱ አንድ ጫማቸው ጭቃው ውስጥ ቀረ። እንደዚያው ሆነው ክሊኒካችን በር ላይ ቆሙና፣ «እጃችሁን ሳትታጠቡ በሽተኛ እንዳትነኩ» አሉን። እኛም እግራቸውን እያየን እጃችንን ታጠብን።

ጋሼ፣ ገና መጀመሬ ነው። ጥርሱን ሊያስነቅል የመጣ ሰው እርስዎ ዘንድ ከገባ፣ ከአማቹ ጋር ለመታረቅ ቆርጦ ነው የሚወጣው። ውጭ ሰልፉ ያጉረመርማል። «ጋሼ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» ስልዎት፣ «ይኼስ ሰው አይደል?» ይሉኛል። በሆዴ ስንቴ እንዳማሁዎት እኔ ነኝ የማውቀው።

በሰማን ጉዳይ ግን አፌን አስያዙኝ። ሾፌሩ ሰማን እዚያ በሩ አጠገብ፣ ከባለቤቱ ከሀጀራ ጋር ተቀምጧል። «ተናገሪው፣ አላፍርም» ስላለኝ ነው የማወራው። የጭነት መኪናው ተገልብጦ ጭኑ ሲሰበር ለሕመሙ ሞርፊን ተወጋ። አጥንቱ ገጠመ፤ የመርፌው ሱስ ግን አልለቀው አለ። አንድ ቀን የመድኃኒቱን ቁምሳጥን መስታወት በቡጢ ሰበረው። ዘበኛው ፖሊስ ሊጠራ ሲሮጥ፣ እርስዎ የሚደማ እጁን ይዘው፣ «ፖሊስ ያስረዋል እንጂ አያድነውም» አሉ።

ከዚያ የአዲስ አበባው ሐኪም እንዳዘዘው መድኃኒቱን በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሱ፣ ከመርፌው በኋላ ከሀጀራ ጋር አስቀምጠው ያነጋግሩት ጀመር።

«ጋሼ፣ መርፌውን ብቻ ይስጡኝ፤ ወሬው ይቅርብኝ።»

«መርፌው ለዛሬ ነው። ነገ እንዴት እንደምትውል ደግሞ እንነጋገር፤ ተቀመጥ።»

የጠፋ ጊዜ እንሴኖ ገበያ ድረስ ሄደው ፈለጉት። ሳይቆጡት አጠገቡ ቁጭ አሉ፤ ተከትሎዎት መጣ።

ጋሼ፣ ከልባችን እናመሰግናለን። እኔ ግን ዛሬ ፈርቻለሁ። ሰማን ሕክምናውን ገና አልጨረሰም፤ ከሰኞ ጀምሮ የቁምሳጥኑ ቁልፍ እኔ እጅ ነው። ትናንት፣ «አዛለች፣ አንቺ ወግተሽ ትሸኚኛለሽ፣ አይደል?» አለኝ። ሰልፍ ሳይ እንደምቸኩል ያውቃል።

እንግዲህ ጠጅ የያዛችሁ ጠጁን፣ ብርዝ የያዛችሁ ብርዙን አንሱልኝ። ጋሽ ሽባባው፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፤ የልጅ ልጅ ይሳሙ፤ ከደጃችንም አይጥፉ። ሰማን፣ አንተም መልሴን ስማ። ሰኞ ከሀጀራ ጋር ና፤ ሰልፉ የፈለገውን ያህል ያጉረምርም። ከቀረህ ያለህበት ድረስ እመጣለሁ።