መለካት ምን ይበላል?

ጁምዓ ሙባረክ ዙሀራ። ሱቁ እንዴት ነው? ጭጋጉም ዛሬ ቶሎ ገፈፍ አለ... ለወግዲ መንገደኞች ደግ ቀን ነው። እስቲ አንድ ሳሙና ስጪኝ። በሩን ተይው፣ አየር ይግባ። ድምፄ እደጅ ይሰማል? ቢሰማስ! እኔ ቦጋለች፣ ያን ሁሉ ዘመን ሳስተምር፣ የሰው ስም አንስቼ አውቃለሁ? ስም የምጠራው ክፍል ውስጥ ብቻ ነው።

እደጅሽ አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ሰው አለ እንዴ? አላየሁም። ዓይኔም ደክሟል።

አንድ የማውቀው ጎበዝ አለ፤ ስሙ ይቅር። ማሻ አላህ፣ እንዲህ ያለ አዋቂ በቦረና ምድር አልበቀለም። ሚስቱ ጅዳ ሰው ቤት እየሠራች ትልቅ ስልክ ላከችለት። ሌላው ሰው በስልክ ያወራል። እሱ ግን ስልኩ ማውራት ይችል እንደሆነ ያጣራል። የኔትወርክ ፍጥነት መለኪያ ጭኖበታል፤ መርፌዋ እንደ ደሴ አውቶብስ መርፌ ስትወጣ ስትወርድ እያየ ይውላል። ከመስጊዱ ጥግ ይለካል፣ ከከብት ተራ ይለካል። «እዚህ ጋ ሁለት ሜጋ ገባ!» ይልሻል። ገባ ካለ ገባ ነው... ወዴት እንደገባ ማን ይጠይቃል?

ሚስቲቱ ደግሞ አሠሪዋ ስልክ የምትፈቅድላት ጁምዓ፣ ከሰላት በኋላ ብቻ ነው። ስትሄድ ልጇ ገና ትድኽ ነበር። አሁን ትሮጣለች፣ ትዘፍናለች፣ ትልቁን ሰው ትቆጣለች። እናት ይህን አላየችም። ያለፈው ጁምዓ በኢሞ ልታያት ነበር። የልጅቱን ጸጉር አንዲት ጎረቤት ሠራቻት፤ የጎረቤቲቱም ስም ይቅር። ከጅዳ የመጣውን ቀሚስ ለብሳ፣ አባቷ አዝሏት ጉብታው ላይ ወጣ። ጥንቃቄውን ብታዪ! ከድንጋዩ አጠገብ ለካ። ከጥዱ ሥር ለካ። ምናልባት ድንጋዩ ይሻል እንደሆነ ብሎ ተመልሶ ለካ። ስልኩ ጠራ። እናት ብቅ አለች፤ ልጅቱ «እማ» ልትል አፏን ከፈተች... ካርዱ አለቀ።

«ኔትወርኩ ወደቀ» አለ። ይሆናል፤ የወደቀ ነገርማ ነበር። ልጅቱ የጠቆረውን መስታወት ስማ ወረደች።

መለካቱ ራሱ ካርድ ይበላል ብለው ቢነግሩት ሳቀባቸው አሉ። «መለካት ምን ይበላል? ሚዛን እህል ይበላል እንዴ?» አይ ጎበዝ... ገበያ ወጥቶ አያውቅም ማለት ነው! ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይሉ ነበር አባቶች፤ ካርድ ግን እያስለካ ነው ለካ የሚወስድ። የወጡን ጨው ሲቀምስ ድስቱን ጠርጎ ጨርሶ፣ እንግዳውን «እሳቱ ደካማ ነው» ያለውን ሰውዬ ታውቂዋለሽ? እኔም አላውቀው።

ክፋት ግን የለበትም፤ ወላሂ የለበትም። ለሷው ብሎ ነው። ፊቷ ጥርት ብሎ እንዲታየው እየደከመ ነው የልጇን ፊት የሚያሳጣት። ስንቱ ባል ነው ሚስቱን ሳያያት እንኳ በሜጋ የሚያስባት?

ደግሞ ዛሬም ጁምዓ ነው፣ አይደል? ያቺ ጎረቤት ልጅቱን ዳግመኛ ሠርታታለች። ልጅቱም ደጃፍ ቆማ «አባ የት ደረሰ?» ትላለች። «አባትሽማ ዓለምን እየለካልሽ ነው» አልኳት። ዋሸሁ? ... ቆይ፣ ካርድ ሲፋቅ የሰማሁ መሰለኝ። እዚሁ እደጅሽ። አይጥ ትሆናለች።

እናቲቱማ ትችለዋለች። ያን ያህል ጊዜ የቻለች፣ ሌላ አንድ ጁምዓ ምን ያደርጋታል? ሆዷ የቻለ ሴት ናት። መርፌዪቱ ናት ብቻዋን መቀመጥ የማትችል።

በይ ሳሙናዬን ስጪኝ፣ ልሂድ። ያን ጎበዝ ግን አደራ፣ እንዳትታዘቢው። እኔ ዱዓ ነው የማደርግለት። አላህ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጠው። ልጁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃለት፤ ተምራ፣ ባሕር ተሻግራ፣ ያማረ ኑሮ ትኑርለት። እሱም በወጉ ሸምግሎ፣ እግሩ ከደጃፍ አላልፍ ሲለው፣ «ልጄን አንዴ ዓይኗን ባየሁት» ብሎ ሲጨነቅ... ስልኩን የሚይዝለት፣ ልክ እንደሱ ያለ ጠንቃቃ ሰው አያሳጣው።

አሚን በይ እንጂ ዙሀራ... ጮክ ብለሽ።