ሜዳውም እንደ ጓሳ ይዘጋ

ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት አሮጊት፣ አጠገባቸው ያለው ወጣት የታቀፈውን የተጠቀለለ ወረቀት አይተው ጠየቁት።

«ምንድን ነው እሱ፣ ልጄ?»

«የስፖርት ሜዳዎች ፕላን ነው፣ እማማ። እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ይኖረዋል። ከእንግዲህ ለኳስ ብሎ ሩቅ የሚሄድ ልጅ አይኖርም።»

«ውይ! እሱስ አይሁን።»

«እንዴ፣ ለምን?»

«ሜዳውም እንደ ጓሳ ይዘጋ።»

«ሜዳ ይዘጋል እንዴ?»

«የጓሳን ግጦሽ ሣሩ እንዲያገግም ለዓመታት ከከብትና ከአጫጅ እንዘጋው የለ? ይሄም ሣር ነው። የኛ ሲዘጋ ልጆቻችን ጎረቤት ከተማ ራቤል ሄደው ይጫወቱ፤ የራቤል ሲዘጋ የነሱ እኛ ዘንድ ይምጡ።»

«ሜዳዎቹን በተራ እንዝጋቸው ነው የሚሉኝ። ደግ ሐሳብ ነው። ኳስ ይወዳሉ ማለት ነው?»

«ኳሱን ምኑን አውቄው! እህቴ የተዳረችው ራቤል ነው። ድሮ ልጆቿ ለጨዋታ ሲመጡ ስንቃቸውን ይዛ አብራ ትመጣ ነበር። ሜዳው ዳር ቁጭ ብለን ስናወራ፣ ማን እንዳሸነፈ እንኳ ሳናውቅ ይመሻል።»

«አሁንስ አትገናኙም?»

«ለቅሶ ላይ ነዋ። ለቅሶ ላይ ደግሞ ምን ይወራል?»

«የልጅ ልጆች አሏት?»

«አሏት እንጂ። እኔም አሉኝ።»

ወጣቱ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋው።

«እሺ፣ ሜዳው ዳር መቀመጫ ላድርግ?»

«ብዙ አታብዛ። ሁለት ሰው ከያዘ ይበቃል።»

ከጎኔ የነበረው ሰው መንገድ ላይ ሲወርድ፣ የሚያወራኝ ሰው ቢቀመጥበት ብዬ ባዶው ወንበር ላይ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ እስከ ደብረ ብርሃን እንደታቀፍኩት ሄድኩ።