የዝናሽ እምቢታ

መምህርት ሕይወት አንድ ሰኞ ጠዋት ጉና ተራራ ሥር ወዳለው ትምህርት ቤቷ ስትገሰግስ፣ ከወንዙ መሻገሪያ ላይ አያ ሙላቴን አገኘቻቸው። ዱላቸውን በብብታቸው ሸጉጠው፣ በአንድ እጃቸው የልጅ ልጃቸውን ዝናሽን፣ በሌላው ሦስት መጻሕፍት ይዘዋል። መጻሕፍቱን ስታይ ክፉኛ ደነገጠች። የአራተኛ ክፍል ናቸው፤ ለዝናሽ ያደለቻት ራሷ ናት።

«እንደምን አደርሽ መምህርት? ደህና ነሽ ወይ? ቤቱ ደህና ነው? ከብቱስ ደህና ነው?»

ሕይወት ከብት የላትም፤ ያላት አንድ የኪራይ ክፍል ነው። ሆኖም ሰላምታ ሳያልቅ ነገር መጀመር ነውር ስለሆነ ከብቱም ደህና ነው አለች።

«እግዜር ይመስገን። እንግዲህ እነዚህ የመንግሥት ንብረት ናቸውና ተረከቢኝ። ልጄ ከዛሬ ጀምሮ አትማርም።»

«ምን ተፈጠረ፣ አያ ሙላቴ?»

«ምን ያልተፈጠረ አለ! ቅዳሜ ለገብሱ አጨዳ ደቦ ጠርቼ ነበር። አረቄው ቢያልቅብኝ ጠርሙስ አስይዤ ወደ አረቄ ሻጯ ወርቅነሽ ቤት ብልካት፣ ሃያ ሰው ፊት ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹እምቢ፣ አልሄድም!› ማን አስተማረሽ ብላት፣ ‹ቲቸር› አለች። ደቦተኛው ማጭዱን ጥሎ ሳቀብኝ። ሰው ልጁን ትምህርት ቤት የሚልከው ፊደል እንዲቆጥር ነው ወይስ አያቱን እንዲያዋርድ?»

ሕይወት ጥርሷን ነከሰች። በዚህ ወር ብቻ ልጆችን ስለ ሱስ ስለምታስተምርበት የሕይወት ክህሎት ክበብ ስትከራከር አራተኛ ጊዜዋ ነው። አንዱ አባት ክበቡ አዲስ ሃይማኖት መስሎት መጥቷል። አንዲት እናት ደግሞ «ልጄ ሱስ ስለሌለበት ከትምህርቱ ይቅር» ብላታለች። ዩኒቨርሲቲ ሳለች እጇን አውጥታ ለመጠየቅ የምትፈራ ልጅ፣ እዚህ በየመሻገሪያው ጠበቃ ሆና ቀረች።

«አረቄ ለማምጣት ልጅ አይላክም፣ አያ ሙላቴ። እዚያ ቤት የሚውሉት እነማን እንደሆኑ አይተዋል?»

«ሰዎች ናቸዋ!»

«ጫት የሚቅሙ ጎረምሶች ናቸው።»

«ይቃሙ! ልጄን ምን አገባት? ይህ የገብስና የድንች አገር ነው እንጂ የጫት አይደለም። ስሙን እንኳ የማታውቀውን ነገር ከአንቺ ሰማች። ለልጅ ክፉ ነገር እየዘረዘሩ ማስተማር ምን የሚሉት ነው?»

«ስሙን ካልሰማች ሰው ሲሰጣት በምን ታውቀዋለች?»

«በአስተዳደጓ!»

«ስምንተኛን ስትጨርስ ደብረ ታቦር ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። ስንቅ ይልኩላታል እንጂ አብረዋት አይኖሩም። ያኔ ማን ይጠብቃታል?»

«አልኩሽ እኮ! አስተዳደጓ!»

ሕይወት ሰው መቆጣት አትወድም፤ ዛሬ ግን ትዕግሥቷ አለቀ። «እንግዲያው ክፍል ይግቡና ራስዎ ይሞክሯቸው» አለች። «ስድስት ሳምንት አስተምሬያቸዋለሁ። ምንም ነገር ቢሰጧቸው አንድም ልጅ አይቀበልዎትም። ከተቀበሉዎት መጻሕፍቱን ያለ አንድ ቃል እረከባለሁ።»

«ሰምተሻል ዝናሽ? ምስክር ነሽ» አሉ ሽማግሌው፣ ደስ እያላቸው።

ክፍል ሲገቡ ሠላሳ ስምንት ልጆች ብድግ አሉ። «ሱስ ምን ያደርጋል?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ሱስ ጤናን ያቃውሳል፣ አእምሮን ያደነዝዛል፣ ገንዘብን ያባክናል!» የቆርቆሮው ጣሪያ አስተጋባ። «ሰው ቢሰጣችሁስ?» «እምቢ እንላለን!» ሕይወት ወደ ሽማግሌው ዞር ብላ ፈገግ አለች።

አያ ሙላቴ ከትምህርት ቤቱ አጥር የቀነጠሱትን አንድ እፍኝ ቅጠል ከጋቢያቸው ሥር አወጡ። «ኑ ልጆቼ፣ እንኩ። ለጤና ነው።»

የክፍሉ አለቃ ሲሳይ መጀመሪያ መጣ። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለና «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ሁለተኛው እንዲሁ። ሦስተኛዋም። ሕይወት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ሽማግሌው ግን «አየሽ? የጨዋ ልጆች!» እያሉ ያድላሉ።

አሥራ አምስተኛው ልጅ ላይ ሲደርሱ ሳቃቸው ደበዘዘ። ሃያኛው ላይ እጃቸው ቆመ። ሲሳይ ቅጠሉን እያኘከ ነበር።

«ትፋው! አንተ ልጅ፣ ትፋው!»

«ለጤና ነው ብለውን፣ አያ።»

«እኔ ምኑን አውቄ! ከአጥር የቀነጠስኩት ነው! ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ አንድ ልጅ ይጥፋ?» ዓይናቸው ዝናሽ ላይ አረፈ። እሷም ቅጠል ይዛለች። «አንቺም? ቅዳሜ እኔን እምቢ ያልሽኝ ጀግና?»

ዝናሽ አንገቷን ደፋች። «ባለፈው ወር ወርቅነሽ ቤት ሲልኩኝ እኒያ ጎረምሶች ቅጠል ሰጡኝ፣ አባባ። ትልቅ ሰው ሲሰጥሽ ተቀበይ ስላሉኝ ተቀበልኩ። ቅመሺው አሉኝ፣ ቀመስኩ። ልቤ ሲደልቅ አደረ፤ እንቅልፍም አልወሰደኝም። እነሱን እምቢ ማለት ስለፈራሁ አንቱን እምቢ አልኩ።»

አያ ሙላቴ ዱላቸውን አንስተው ወደ በሩ ተንደረደሩ።

«የት ነው?» አለች ሕይወት።

«እኒያን ውሾች ላሳያቸው!»

«ዛሬ ቢደበድቧቸው ነገ ሌሎች ይመጣሉ። እርስዎ በሁሉም ቦታ አይገኙም፤ እሷ ግን የትም ብትሄድ ከራሷ ጋር ናት። እኔም ጥፋተኛ ነኝ። ስድስት ሳምንት ያስተማርኳቸው መዝሙር ኖሯል። አሸንፈውኛል፤ መጻሕፍቱን ያምጡ።»

«ሂጂ እቴ!» መጻሕፍቱን ዝናሽ ዴስክ ላይ ጣል አደረጉ። «እኔም ያስተማርኳት ግማሹን ኖሯል። መታዘዝን አሳየኋት፣ ማንን እንደምትታዘዝ ግን አላሳየኋትም።»

ትልቅን ማክበር መልካም ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ክብርና ፍርሃት ተቀላቅለው ያደጉበት ልጅ፣ ለሰጠው ሁሉ እጁን ይዘረጋል። የሚሰጠውን መርምሮ፣ በጨዋ ቃል «አይሆንም» ማለት የቻለ ግን አረቄ ቤትም፣ መናኸሪያም፣ የኪራይ ክፍልም ቢገኝ ጤናው፣ ትምህርቱና የወላጆቹ ተስፋ ይተርፉለታል። ይህንንም በመዝሙር ሳይሆን በልምምድ ነው የሚማረው።

አያ ሙላቴ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው የቀረውን ቅጠል ጨበጡ። «በሉ እንደገና። አሁን እኔ ክፉ ሰው ነኝ። ዝናሽ፣ ነይ ከፊት።»

«ምንድን ነው፣ አባባ?» አለች በቀጭን ድምፅ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልወስድም።»

«አልሰማሁም! ጎረምሳ በዚህ ድምፅ ይመለስልሻል? ድገሚ!»

ዝናሽ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመች። በወዲያኛው ክፍል ሲያነቡ የነበሩት ልጆች በድንገት ዝም አሉ።