በፕላስተር የታሰረችው ድምፅ

አንባቢ ሆይ፣ እኔ ትምህርት ቤት በበር ገብቼ በመስኮት የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ከማወራው ግማሹን ብቻ ብታምን አይከፋኝም። ይህ ግን ከእውነተኛው ግማሽ ነው።

የጊታር ክር ልገዛ ወደ ጊታር ጠጋኙ ሱቅ ጎራ ስል ከእህቱ ልጅ ጋር ተፋጠው አገኘኋቸው። እሱ የሠፈራችን ባንድ መሪ ነው፤ እሷ ከሙዚቃ ትምህርት ቤት ከተመለሰች ሳምንቷ ነው። ቅዳሜ በሠርግ አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሶሎ ልትጫወት ነበር። አጎቷ ግን በጊታሯ በቀጭኑ ክር ሥር፣ ፋ ሻርፕ የምትባለው ድምፅ በምትወጣበት ሁለተኛው ፍሬት፣ ማለትም የጣት ማረፊያ ላይ፣ ወፍራም የቁስል ፕላስተር ለጥፎባታል።

«ይህችን ፋ ሻርፕ በዶ ኮርድ ላይ ከነካሽ መድረክ አትወጪም! አርባ ዓመት ሳልፈልጋት ኖሬያለሁ!»

«አጎቴ፣ ያስተማሩኝን መናቄ አይደለም» አለች በትሕትና። «ሊዲያን የሚሉት ስልት የተለመደውን የሜጀር ስኬል አራተኛ ድምፅ በግማሽ ድምፅ ከፍ ማድረግ፣ በዶ ፋን ፋ ሻርፕ ማድረግ ብቻ ነው። ሌላው እንዳለ ነው።»

«መርከብ የምታሰጥመውም አንዲት ቀዳዳ ናት!»

እኔም ጣልቃ ገባሁ። «ጋሼ፣ በዚህች ድምፅ የተኛ አህያ ተነሥቶ ሲያጨበጭብ አይቻለሁ።»

«በየትኛው እጁ?» አለኝ።

ልጅቱ ሳቋን ውጣ ጊታሯን አቀበለችው። «እስቲ አክስቴን የማረኩባትን፣ ያችን መነሻዋን ሶል አድርገው የሚጫወቷትን ዜማ ያሰሙን።»

ሲለምኑት የሚግደረደር ሙዚቀኛ አላየሁም። ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። ዜማው ከሚጣፍጥበት ቦታ ሲደርስ ግን ጊታሩ «ዱፍ!» አለ። ደገመው፤ «ዱፍ!» ዓይኑን ቢገልጥ ጣቱ ፕላስተሩ ላይ ነው።

«ወይ ጉድ! ያቺው ናት እንዴ?»

«ያቺው ናት! በሶል ቤት አርባ ዓመት በክብር ሲያስተናግዷት ኖረው፣ በዶ ቤት ብቅ ስትል ሌባ አሏት።»

ጠጋኙ ስቆ ፕላስተሩን ላጠውና ኪሱ ከተተው። ከዚያ እሱ ዶ፣ ሚና ሶል አብረው የሚሰሙበትን ዶ ኮርድ ሲመታ፣ እሷ በሌላ ጊታር ፋን ይዛ ቆየችበት፤ ከኮርዱ ሚ ጋር ተነካከሰ። ቀጥላ ፋ ሻርፕን ያዘች። የሱቁ ጣሪያ አንድ ክንድ ከፍ አለ፤ ይህን እንኳ እመነኝ።

«ሁልጊዜ ግን አይሆንም» አለች። «ዶ ኮርድ ረግቶ ሲቆይ ነው። ኮርዱ ወደ ፋ ሲዞር ወደ ድሮው ድምፅ፣ ወደ ተራው ፋ፣ ካልተመለስን፣ የፈሩት መስጠም ይመጣል።»

«እንዲህ በልክ ከሆነማ ቅዳሜ ኮርዱን የምይዝልሽ እኔው ነኝ!»

ቃሉን ጠበቀ። ዶን እንደ ምሰሶ አጽንቶ ያዘላት፤ እሷም ሶሎዋን ከላዩ አንሳፈፈችው። ሙሽሮቹ ሳይጠሩ ለጭፈራ ተነሡ። ከዚያ ወዲህ ባንዱ አዲስም አሮጌም ይጫወታል፣ የሚጋብዘውም በዝቷል። አንተም ወዳጄ፣ አዲስ ነገር ከመከልከልህ በፊት የገዛ ጣትህ የት እንደሚያርፍ እይ።

በሠርጉ ማግስት ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብዬ «አዳራሹ ከነሙሽሮቹ ሦስት ጊዜ በአየር ላይ ዞረ» እያልኩ ስተርክ፣ ጠጋኙ ያችን ፕላስተር ከኪሱ አወጣና አፌ ላይ ለጠፋት።

«አሁን» አለ፣ «ቦታዋን አገኘች።»