ከመሠረቱ ሥር ያለው ቧንቧ

ቅዳሜ ጠዋት የጎረቤቴን የሽማግሌውን ግንበኛ ግቢ ክፍት አገኘሁትና ሰላም ልላቸው ገባሁ። ባሏ የሞተባት ልጃቸው ሁለት ሕፃናቷን ይዛ ልትመለስ ስለሆነ ከቤታቸው ጀርባ አንድ ክፍል ሊጨምሩ አስበዋል። በውሃ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ የሆነችው የእህታቸው ልጅ አጠገባቸው ቆማለች።

«ጋሼ፣ የሰፈሩ ትልቁ የውሃ ቧንቧ በዚህ በኩል ያልፋል። ከመቆፈርዎ በፊት መሥሪያ ቤቱን ቢጠይቁ» አለች።

«አርባ ዓመት ቤት ስሠራ ማንንም ጠይቄ አላውቅም ልጄ። ቧንቧው ጥልቅ ቦታ ነው ያለው፤ መሠረቴ አይደርስበትም።»

«መሠረቱ ባይደርስበት ክብደቱ ይደርስበታል። መጋጠሚያው ይላቀቅና ውሃው አፈሩን ከሥር እየሸረሸረ ይወስደዋል። ግድግዳው ከተሰነጠቀ በኋላ ብናውቀው ምን ዋጋ አለው?»

«እናንተ የተማራችሁት ሰው ማስፈራራት ትችሉበታላችሁ» አሉ ፈገግ ብለው። እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ ለእሳቸው አደላሁ።

እሷ ግን አልሳቀችም። «ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የፈረሰውን ቤት ያስታውሳሉ?»

«እንዴት እረሳዋለሁ፤ የሠራሁት እኔ ነኝ። አፈሩ ልል ነበር።»

«አፈሩ አልነበረም፣ ጋሼ። ፍርስራሹ ሲነሣ እዚያው ነበርኩ። ግድግዳው ያረፈው ቧንቧ ላይ ነበር።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ልነግርዎት አልፈለግሁም ነበር።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በዚያ አደጋ አንዲት እናት እግሯን ማጣቷን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ይህን ሁሉ ዓመት በአፈሩ ሳመካኝ ኖርኩ» አሉ።

«ያኔ የነገረዎት ሰው አልነበረም።»

«የጠየቅሁትም ሰው አልነበረም።»

ልምድ ትልቅ ሀብት ነው፤ ዓይን ግን መሬት ዘልቆ አያይም። ሰኞ ሽማግሌው የውሃ መሥሪያ ቤቱን ጠየቁና ሁለት ሠራተኞች ካርታ ይዘው መጡ። በጥንቃቄ በእጅ ሲቆፍሩ ቧንቧው ግድግዳው ሊቆም ከታሰበበት ቦታ ሥር፣ ገና አንድ ክንድ ሳይወርዱ ተገኘ። ክፍሉ ወደ ግራ ሦስት ሜትር ተዛወረ፤ ትንሽም ጠበበ። ዛሬ ግን ሕፃናቱ ጽኑ መሬት ላይ ይተኛሉ፤ ቧንቧው ቢበላሽ ግድግዳ ሳይፈርስ ይጠገናል፤ ሰፈሩም ንጹሕ ውሃውን ሳይቋረጥ ይጠጣል። ይህ ሁሉ የተገኘው በአንድ ጥያቄ ነው።

ሽማግሌው ግንባታውን ከመጀመራቸው በፊት ወደዚያች እናት ቤት ብቻቸውን ሄዱ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኋቸውም።