የታረቀኝ ጋቢ

ጣልያን ደብረ ማርቆስን በያዘ በሦስተኛው ዓመት ከይጁቤ ገበያ ስመለስ ጎረቤቴን እመት ወለተ ሥላሴን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ልጃቸው ታረቀኝ በተስቦ ሞቶ ገና መቅበራቸው ነበር። ጋቢውን ታቅፈው፣ እንደ ልማዱ ለነፍስ አባቱ ለቄስ እንዳላማው ሊሰጡ ይሄዳሉ።

አብረን ጥቂት እንደ ሄድን አቶ የሽዋስ ከፊታችን መጣ። ከጦርነቱ በፊት መንግሥት የጤና ሹም አድርጎ ወደ አገራችን የላከው ሰው ነው። ጣልያን ከገባ ወዲህ ከተማውን ትቶ በየመንደሩ በሽተኛ ያያል። የታቀፉትን ምንነት ሲረዳ እጅ ነሥቶ፦

«እመት፣ ይህ ጋቢ ሳይቀቀል ከሰው ቤት ባይገባ» አላቸው።

«የሾመህ መንግሥት ተሰዷል። ዘበኛ የለህ፣ ማኅተም የለህ፤ ማን ነኝ ብለህ ታዛለህ?»

«ተስቦው አልተሰደደም፣ እመት። ዘበኛ ቢኖረኝም ይዤው አልመጣም ነበር፤ ሰው ልብሱን ይደብቅብኛል። አምነውበት ቢያደርጉት ነው የምወድ።»

የጋቢውን ጠርዝ ገልጦ በስፌቱ ውስጥ የተሰካውን ቅጫም አሳየን። ተስቦን ከሰው ወደ ሰው የሚያሻግረው ቅማል መሆኑንም አስረዳ።

«ልብስ ያለው ሁሉ ቅማል አለው። አንተስ የለህም?»

«አለኝ እንጂ! ስለዚህ የራሴንም እቀቅላለሁ።»

እመት ፈገግ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም፤ ወዲያው ግን ጋቢውን ወደ ደረታቸው ሳቡት። እውነተኛው ምክንያት ከእንባቸው ጋር የወጣው ያን ጊዜ ነው።

«ከተቀቀለ ጠረኑ ይሄዳል። ከጠረኑ ሌላ ከልጄ ምን ቀረኝ? ቄሱ እሱን ለብሰው እንዲጸልዩለት ነው ሐሳቤ።»

አቶ የሽዋስ ይህን አልተከራከረም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ቄሱ ሌሊት ከማን ጋር ይለብሱታል?» ሲል ጠየቃቸው።

«ከልጆቻቸው ጋር ነዋ፤ ሌላ ልብስ መች አላቸው።»

«ታረቀኝ ቢኖር ለእነዚያ ልጆች ተስቦ ይሰጣቸው ነበር?»

እመት ጋቢውን ከደረታቸው ዝቅ አደረጉ። «የኔ ልጅ? አይሰጥም» አሉና ወደ ቤታቸው ዞሩ።

«በወጥ ድስት ብቀቅለው ከቤቴ የሚቀምስ የለም» ቢሉ፣ አቶ የሽዋስ አንድ አሮጌ የድግስ ሰታቴ ለዚሁ ሥራ ብቻ እንዲለዩ መከራቸው። ውሃውን ራሱ ቀዳ፤ እሳቱን እመት አነደዱ።

በዚያ ክረምት ተስቦ መንደራችን ውስጥ ከጥቂት ቤት ገባ፤ ከቄሱ ቤት ግን አልደረሰም። ሰታቴውም የሁሉ ሆነ፤ ሐዘን የደረሰበት ሁሉ ልብስ ይዞ ይመጣ ጀመር። የጤና ሹም ሥራ በሽታ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው የሚሄድበትን መንገድ አይቶ፣ መንገዱን በሰዎቹ በራሳቸው እጅ ማስዘጋት እንደሆነ እኔ የተረዳሁት ከዚህ ነው።

አንድ እሑድ ቄስ እንዳላማው ጋቢውን ለብሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ትንሿ ልጃቸው ከሥሩ ተጠልላ ነበር። እመት ቆመው አዩአቸው።

«ልጄ ሰው አሞቀ» አሉ፤ ከቀብሩ ወዲህ ሳያለቅሱ ስለ እሱ ሲናገሩ የሰማሁት ያን ቀን ነው።